ዘጠና ስምንት ነጥብ ያገኘው ከርከዴ

"ይሄ ወይን አይደለም" አለ ዱዋል።

ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና አሸተተ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

"ከርከዴ ነው፣ ከአበባ የሚፈላው። እናቴ በዚህ ነው ያሳደገችኝ።"

ሌሎቹ አሥራ አንድ እንግዶች ዞረው አዩት። ዓሣ የጎረሰው ጉርሻውን ረሳው። ብርጭቆ ያነሳው መልሶ ለማስቀመጥ አፈረ።

ነገሩ የሆነው ዓርብ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ባለው የአቶ ከተማ ሆቴል ግቢ ውስጥ ነው። ዝግጅቱ "የወንዝ ዳር ወይኖች እራት" ተብሎ ነበር። ስድስት ጠርሙስ ቀይ ወይን፣ ከስድስት አገር፣ ሁሉም ወንዝ ዳር ከበቀለ ወይን የተጠመቀ። ምግቡ የባሮ ዓሣ ብቻ። ስድስቱም በዓለም ቀማሾች ከመቶ ከዘጠና በላይ ነጥብ የተሰጣቸው ናቸው፤ ስድስተኛው ዘጠና ስምንት። ለእያንዳንዱ እንግዳ ወረቀትና እስክሪብቶ ታደለ። ቅመስ፣ አወዳድር፣ ነጥብ ስጥ።

ዱዋል ማታር ከተማ ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። አይጠጣም። ከአቶ ከተማ ጋር ስለሚሠራ ለአክብሮት መጥቶ አምስቱን ዙር በውሃ አሳልፏል። ስድስተኛው ሲቀዳ ግን ሽታው ጠራው፤ እጁን ዘርግቶ "ይሄንንስ ስጡኝ" አለ። ጉዱ የወጣው እንዲህ ነው።

የሚያበግነው ግን ወረቀቱ ነው። ከአሥራ አንዱ ቀማሾች ዘጠኙ ለስድስተኛው አንደኝነት ሰጥተውታል። አንድ የሩዝ እርሻ መሐንዲስ "የጫካ እንጆሪ፣ የአሮጌ ቆዳ፣ በመጨረሻም ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ" ብሎ ጽፏል። አንድ የቢሮ ኃላፊ ደግሞ "ከዚህ የበለጠ ወይን ቀምሼ አላውቅም" ብሏል፤ እውነቱን ነው፣ ከዚያ ቀን በፊት ምንም አልቀመሰም። ይህን የጻፉ ሰዎች በራሳቸው ምላስ ቢናደዱ ያባት ነበር። እነሱ ግን የሚናደዱበት ሌላ ሰው ፈለጉ።

ያን ሰው ያቀረበላቸው ኤልናታን ነው። ኤልናታን ወይኖቹን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይዞ የመጣው የወይን ባለሙያ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሽርጥ፣ በአንገቱ ላይ የተንጠለጠለች የብር ማንኪያ የምታክል መቅመሻ። ተነሣ።

"ተሰርቄያለሁ" አለ። "ጠርሙሱን አሥር ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ውስጥ በእጄ ከፍቼ ወደ መስታወቱ ዕቃ ገልብጬዋለሁ። እንዲተነፍስ። አራት ሰዓት ሙሉ እዚያው ቆይቷል። ወጥ ቤቱ የማን ነው?"

ሁሉም ዓይን ወደ ኛኮንግ ዞረ።

ኛኮንግ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ናት። ስድስት ዓመት ሠርታለች። ረጅም ናት፤ የሆቴሉን አምፖል ያለ መሰላል ትቀይራለች። በቤተ ክርስቲያኗ የጌታ እራት በሚቀርብበት እሁድ ጽዋውን የምትይዘው እሷ ናት። አልኮል በአፏ ዞሮ አያውቅም። አንድ ጊዜ የሳል ሽሮፕ ታዞላት፣ ጽሑፉን አስነብባ አልኮል እንዳለበት ስትሰማ፣ ሳሏን ይዛ ቤቷ ገብታለች። ሳሉ ራሱ ሰልችቶት ነው አሉ የሄደው።

"አንቺ፣ ቦርሳሽን አምጪ" አላት አቶ ከተማ።

"ጋሼ ከተማ፣ ወይን በቦርሳ ይቀዳል?"

"አምጪ አልኩሽ።"

አመጣች። አቶ ከተማ በእንግዶቹ ፊት፣ ዓሣ በተበላበት ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው። በኑዌርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ቅዱስ። ማበጠሪያ። ግማሽ ሳሙና። በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ዓሣ። ሌላ ምንም የለም። ኛኮንግ አንድ በአንድ ለቅማ መለሰችው።

"ሌላ የምትገለብጠው አለ?" አለች።

አለ። ፍሪጁ ተከፈተ። ውስጡ ኛኮንግ ያፈላችው አንድ ጀሪካን ከርከዴ ተገኘ። ከላዩ የጎደለው አንድ ጠርሙስ ያህል ነው።

"በቃ" አለ ኤልናታን። "ወይኑን ጠጥታ ወይ ሸጣ በራሷ ከርከዴ ሞልታዋለች።"

አቶ ከተማ እስኪጣራ ቤትሽ ቆይ አላት። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስልክ ተደወለላት። ፓስተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ነገ የጌታ እራት ነው፣ ነገሩ እስኪጣራ ጽዋውን ሌላ ሰው ይያዘው አላት። የእንጀራዋን ነገር ችላው ነበር። ይሄኛውን ግን አልቻለችውም። በስድስት ዓመት ያልጎደለ ስም በአንድ ሌሊት ከተማውን ዞሮ ጨርሷል፤ ገበያ ውስጥ "ጽዋ ያዧ ጠጪ ነበረች" እየተባለ ነው።

ኛኮንግ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ሄደች።

"ቤትሽ ቆይ አላልኩሽም?" አለ አቶ ከተማ።

"እስኪጣራ አልከኝ። ማን እንደሚያጣራ ላይ መጣሁ።"

የሚያጣራው ሳጅን ኦቹዶ ነበር። የአኙዋ ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ጥቂት ይናገራል። የሚወራለት ግን ብዙ ነው። አንድ ጊዜ የጠፋ ፍየል ፍለጋ ባሮ ወርዶ አንድ አዞ ላይ ዝም ብሎ ቢያፈጥበት፣ አዞው አፍሮ የፍየሉን ቀንድ ተፋ ይባላል። አዞው ስላልተጠየቀ ማረጋገጥ አይቻልም።

ሳጅን መጀመሪያ የጠራው ቶሚን ነው። ቶሚ የሆቴሉ ሹፌር ነው፤ እንደሚጠጣ አገር ያውቃል።

"ቶሚ፣ ትጠጣለህ አይደል?"

"ቢራ። በራሴ ብር።"

"ያን ወይን ጠጥተሃል?"

"አልጠጣሁም።"

"ጠርሙሱን ነክተሃል?"

"ማን አስነክቶኝ። አምስቱ በበረዶ ሳጥን ነበሩ፣ እሱን ተሸክሜያለሁ። ያቺን አንዷን ግን ኤልናታን በእንጨት ሣጥን አርጎ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲወጣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ነው የመጣው።"

"ሂድ።"

ቀጥሎ ዱዋል ገባ።

"አሥራ አንድ ሰው ቀምሶ ያላወቀውን አንተ በማሽተት አወቅህ። እንዴት?"

"ሳጅን፣ አንተ የዓሣ ሽታ ለማወቅ ዓሣ መስረቅ ያስፈልግሃል?"

"ወጥ ቤት ገብተሃል?"

"ከወጥ ቤት የወጣውን እንኳ አልጨረስኩም። ወንድሜ፣ ያቺን ሴትዮ ተዋት። እኔ አፌን ባልከፍት ኖሮ ዛሬ ሥራዋ ላይ ነበረች። ሌሊቱን አልተኛሁም።"

ሳጅን አንገቱን ነቅንቆ አሰናበተው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ኛኮንግ ፍሪጁን ከፍታ ቆማለች።

"ሳጅን፣ ቁጠር። ጀሪካኑ ስንት ነው?"

"ሁለት።"

"ትናንት የጎደለውን ብቻ ነው ያዩት። ቢጫው የሆቴል ነው። ስኳር አለው። ለእንግዳ፣ ለሠራተኛ፣ ለሁሉም። ነጩ የቸርች ነው። ለጌታ እራት። እኛ ጋ ወይን የለም፣ በከርከዴ ነው የምንወስደው። ቸርች ፍሪጅ ስለሌለው እዚህ አስቀምጣለሁ፤ ጋሼ ከተማ ያውቃል።"

"ነጩስ ስኳር የለውም?"

"ድሮ ነበረው። ሕፃናቱ እየጠጡ ዞረው እንደገና መሰለፍ ጀመሩ። አንዱ አራት ጊዜ ቆርቧል። ሽማግሌዎቹ ስብሰባ ጠርተው ስኳሩን አስቀሩት።"

ሳጅን ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። ከሁለቱም ቀመሰ። ቢጫው ማር ነው። ነጩ ፊት ያጨማድዳል።

"የጎደለው ነጩ ነው" አለች ኛኮንግ። "ቢጫው ከፊት ነው፣ ክዳኑም ክፍት ነው። ነጩ ከኋላ ነው፣ ፕላስተር ተለጥፎበታል፣ መስቀል ተሥሎበታል። ሌባው ቢጫውን አልፎ፣ እጁን አስገብቶ፣ ፕላስተሩን ልጦ ነጩን ወሰደ። ለምን?"

ሳጅን ወደ ፕላስተሩ አጎነበሰ።

"እኔ ብሰርቅ ኖሮ በቢጫው ነበር የምሞላው። ወይን ጣፋጭ ነው ብዬ ነው የማውቀው።"

"እኔም" አለ ሳጅን።

ኛኮንግ ያን የመስታወት ዕቃ አነሣች። ማንም እንዳይነካው ስለተባለ ሳይታጠብ አድሯል። ከሥሩ የቀረውን በጣቷ ነክታ ምላሷ ላይ አደረገች። ቆየች። ምላሷን ከላንቃዋ አላቀቀች።

"ሻይ ቅጠል አለበት። ብዙ ሻይ። እኔ ለቸርች ሻይ አልጨምርም። ማን ነው በከርከዴ ላይ ሻይ የሚጨምር?"

ሳጅን ኦቹዶ ለረጅም ጊዜ ጀሪካኖቹን አየ። አዞውንም ያየው እንደዚህ ሳይሆን አይቀርም።

"ሁሉንም ጥሪልኝ" አለ።

አራቱ በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ። አቶ ከተማ፣ ቶሚ፣ ዱዋል፣ ኤልናታን። ኤልናታን ሻንጣውን ይዞ ወጥቷል፤ የከሰዓቱ በረራ እንዳያመልጠው ሰዓቱን ያያል።

"አንድ ጥያቄ ብቻ ነው" አለ ሳጅን። "እኔ የማላውቀው ነገር ነው። ጥሩ ወይን ምን ምን ይላል? ቶሚ።"

"ይጣፍጣል። አንድ ሠርግ ላይ ቀምሼ ሦስት ቀን ጥርሴን አሞኛል።"

"ዱዋል።"

"አልቀመስኩም። ግን የሰውን ልብ ደስ ያሰኛል ተብሎ ተጽፏል። ሳይጣፍጥ ደስ አያሰኝም።"

"አቶ ከተማ።"

"ትናንት እንግዳ ሳስተናግድ አልቀመስኩም እንጂ፣ ጥሩ ወይን ማለት ማር ነው። ለባለቤቴ የምገዛላት እሱን ነው።"

ኤልናታን ሳቀ። ሳቁ ከአፍንጫው ነበር።

"ይቅርታ፣ ማር የምትሉት ለሕፃናት ነው። ትልቅ ወይን ድራይ ነው። ጣፋጭነት የለውም። አፍ ውስጥ ሲገባ ምላስን ይይዛል፣ ድድን ያደርቃል። ወይን ያልሠለጠነበት ሰው ይሄንን አያውቅም።"

"ማድረቁ ከምን ይመጣል?" አለች ኛኮንግ ረጋ ብላ።

"ከልጣጩና ከፍሬው። ታኒን ይባላል። ለማስረዳት ያህል፣ ሻይ በጣም ሲከር አፍሽን…"

ቆመ።

ባሮ ላይ አንድ ጀልባ ሞተሩን አስነሥታ ሄደች።

"ቀጥል" አለ ሳጅን። "ሻይ በጣም ሲከር?"

"ምን ለማለት ነው? እኔ የራሴን ወይን እሰርቃለሁ? ለምን ብዬ?"

"ደህና ጥያቄ ነው" አለ ሳጅን።

ኛኮንግ ግን ወደ ቶሚ ዞረች።

"ቶሚ፣ ትናንት ከአውሮፕላን ማረፊያ ቀጥታ ነው የመጣችሁት?"

"የለም። አቦቦ ሄድን። አልዌሮ ግድብ ላይ ቪዲዮ ልቀረጽ አለኝ። በውሃው ዳር ብርጭቆ ይዞ ሲሄድ፣ ሲመለስ፣ እንደገና ሲሄድ። ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት።"

ሳጅን ዞሮ አየው። "ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?"

"ጠጣህ ወይ አልከኝ። ነካህ ወይ አልከኝ። የት ሄድክ አላልከኝም።"

"ያቺ ጠርሙስስ?"

"የኋላ ወንበር ላይ፣ ሣጥኗ ተከፍቶ። መስኮቱን ዝጋው፣ ሰው እንዳይሰርቃት አለኝ። ዘጋሁት።"

እንግዲህ ወሩ መጋቢት ነው። በመጋቢት ጋምቤላ ላይ በተዘጋ መኪና ውስጥ እንቁላል ረስቶ የሄደ ሰው ሲመለስ ጫጩት ያገኛል፤ ትንሽ ከዘገየ ደግሞ የተጠበሰ ዶሮ። ይህን እዚህ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል። ከደጋ በዚያው ጠዋት የወረደ ሰው ግን አያውቅም። እሱ የፈራው ሌባን ነበር። ፀሐይን አልፈራም።

ሁሉም ወደ መኪናው ሄዱ። ሳጅን የኋላውን በር ከፈተ። ምንጣፉን ገለጠ። ሥሩ ላይ የሰው ፊት የሚያህል ቀይ ቡናማ ነገር ደርቋል፤ ጉንዳን ወርሮታል። ጣሪያው ላይም የጣት ጫፍ የምታህል ቀይ ነጥብ አለች። ሳጅን ተንበርክኮ እጁን ከወንበሩ ሥር ሰደደ። ሲያወጣው በሁለት ጣቱ መካከል አንድ ቡሽ ይዟል።

"አቶ ኤልናታን፣ ጠርሙሱን ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ውስጥ ከፈትኩ ብለሃል። በምን ከፈትከው?"

"በመክፈቻ ነዋ።"

"የወይኑ ስም እዚህ ቡሹ ላይ ተጽፏል፤ የዚያ ጠርሙስ ነው። መክፈቻ ያለፈበት ቀዳዳ ግን የለውም። መኪና ውስጥስ ምን ይሠራል?"

ኤልናታን ቡሹን አየ። ጣሪያውን አየ። ሸሚዙ በጀርባው ላይ ተጣብቋል።

"ስመለስ ቡሹ ተተኩሶ ነበር" አለ። "ግማሹ ፈስሷል። የቀረውን ቀመስኩት። የተቀቀለ ቲማቲም ሆኗል። ቶሚ ሳያየኝ ጨርቅ ጣል አደረግሁበት፤ ሆቴል ስደርስ የቀረውን ደፋሁት።"

"ለምን አልተናገርክም?" አለ አቶ ከተማ። "ወይኑ በሙቀት ተበላሸ ቢባል ማን ይሞታል?"

"ምን ብዬ? በየመድረኩ፣ በሙቀት አንድ ጠርሙስ ተበላሽቶብኝ አያውቅም እያልኩ ነው የኖርኩት። ትናንትም እራቱ ሲጀመር ተናግሬዋለሁ። ሰዉ የመጣው ለዘጠና ስምንቷ ነው። እና ፍሪጁን ስከፍት ያ ነጩ ነገር… ቀለሙ ልክ ነበር። ትንሽ ሻይ ብጨምር ብዬ…" ድምፁ ወረደ። "እዚህ ማን ይለያል ብዬ ነው።"

እዚህ።

ዱዋል መሬት ላይ ምራቁን ተፋ። ቶሚ መሪውን ያዘ፣ ለቀቀ። ኛኮንግ ግን ከእሱ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

"እሺ፣ ወይኑን አቃጠልክ። ሰው ነው፣ ይሳሳታል። የጌታን እራት ቀድተህ ለጠጪ አቀረብክ። አላወቅህም፣ እሱንም ልተውልህ። እኔን ለምን?"

"አንድ ሰው መጠርጠር ነበረበት።"

"ለምን እኔ?"

ኤልናታን ጫማውን አየ። "ዝም የምትዪ መስሎኝ።"

ከተሰረቀውም፣ ከተደፋውም፣ ከተዋሸውም ሁሉ የከፋው ይህ ቃል ነበር። አቶ ከተማ ራሱ ፊቱን አዞረ። ግን ባለ ሆቴል ባለ ሆቴል ነው፤ ወዲያው ወደ ኛኮንግ ጆሮ ጠጋ አለ።

"ኛኮንግዬ፣ ጥፋቱ ታውቋል። ወደ ሥራሽ ተመለሽ፣ ነገሩን እዚሁ እንጨርሰው። የሆቴሉ ስም ነው። በጆሮ ይቅርታ ይጠይቅሽ።"

"ጋሼ ከተማ፣ ትናንት ቦርሳዬን ስትገለብጥ በጆሮ ነበር?"

አቶ ከተማ ከጆሮዋ ራቀ።

"በሐሰት መወንጀል ወንጀል ነው" አለ ሳጅን ኦቹዶ። ቡሹን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። "አቶ ኤልናታን፣ አውሮፕላኑ ያለ አንተ ይሄዳል። ሰኞ ዐቃቤ ሕግ ጋ እንቀርባለን።"

"ሰኞ ጥሩ ነው" አለች ኛኮንግ። "ነገ ግን እሁድ ነው።"

እሁድ ረፋድ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ በመስኮት የሚያይ ነበር። ወሬው ቀድሞ ደርሷል፤ ከማታር ድረስ በጀልባ የመጣ አለ። ሳጅን ኦቹዶ ኤልናታንን ይዞ ከፊተኛው ወንበር ጎን ቆመ። አቶ ከተማ የኦርቶዶክስ ሰው ነው፣ ግን እሱም መጥቶ በሩ ላይ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል። ሁሉ ነገር በሌላ ሰው ላይ ስላለቀ ፊቱ ፈካ ብሏል።

ፓስተሩ ኤልናታንን ወደ ፊት ጠራው። ከሕዝቡ ግማሹ አማርኛ አይሰማም፤ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ፓስተሩ ዙሪያውን አየና እጁን ወደ ኛኮንግ ዘረጋ።

ወጣች። ከኤልናታን በአንድ ክንድ ትበልጣለች።

"ወይኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አለ ኤልናታን።

ኛኮንግ በኑዌርኛ ጀመረች። ተናገረች። አሁንም ተናገረች። በእጇ መኪናውን ሠራች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ፀሐይዋን አወጣች። ብርጭቆ ይዛ በውሃ ዳር ተንጎራደደች። ቡሹ ሲተኮስ ጣቷ ጣሪያ ነካ። ከፊት የተቀመጡት ሕፃናት መሬት ላይ ተንከባለሉ። አንድ ሽማግሌ እንባውን በመዝሙር መጽሐፉ ጠረገ።

ኤልናታን ላቡ ወረደ። "ከርከዴውንም የቀላቀልኩት እኔ ነኝ" አለ።

አሁንም ረጅም ነበር። የመሐንዲሱ እንጆሪና የሩቅ ዝናብም ገቡበት መሰለኝ፤ ሰዎች ወደ ሰማይ እያሸተቱ ይስቁ ጀመር።

"ኛኮንግ ምንም አላጠፋችም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ይህንን በአጭሩ ተረጎመችው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ ሕዝቡን እያየች። ሳቁ ቆመ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት እልል አለች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። ፓስተሩ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ጽዋውን አነሣና በሁለት እጁ አቀረበላት።

ኤልናታን ወደ ቦታው ሊመለስ ዞረ። "ምን ብለሽ ነው ይህን ያህል የተናገርሽው?" አላት በሹክሹክታ።

"ያልከውን።"

ጽዋውን ግን ገና አልተቀበለችም። ለፓስተሩ ትንሽ ጠብቀኝ የሚል ምልክት ሰጠችው። ከሰው ራስ በላይ እስከ በሩ ድረስ አየች።

"ጋሼ ከተማ" አለች በአማርኛ። "ና፣ ወደ ፊት ውጣ። እተረጉምልሃለሁ።"